ስንት ፊት እንዳለው ያልጠየቅሁት ሰንጠረዥ

ጡረታ ስወጣ አንድ ጋቢ፣ አንድ የግድግዳ ሰዓትና አንድ ንግግር ተሰጠኝ። ጋቢው ይሞቃል። ሰዓቱ በሳምንቱ ቆመ። ንግግሩ ግን አልቆመም፤ ፊቴን ስታጠብም፣ ገበያ ስወርድም ጆሮዬ ላይ አለ። «ደምሴ በሃያ ሰባት ዓመት አገልግሎቱ አንድም ስህተት ያልተገኘበት ባለሙያ ነው» ነበር ያለው ተናጋሪው። ሰው አጨበጨበ። እኔም ሳላስበው አብሬ አጨበጨብኩ።

«ያልተገኘበት» ማለቱ ልክ ነው። ስላልተፈለገ አልተገኘም። ይህን የምጽፈው እኔው ያገኘሁትን፣ አግኝቼም ለዓመታት ኪሴ ውስጥ ይዤው የዞርኩትን አንድ ስህተት ለመናገር ነው። ርዝመቱ አንድ መስመር ነው። አንድ መስመር ጽሑፍ ሰው ይጎዳል ወይ የሚል ካለ ከመርሳ በታች እቴ ዘሀራ የሚባሉ ገበሬ አሉ፣ ሄዶ ይጠይቃቸው።

የሥራ ዘመን ትዝታ ብዙ አንብቤያለሁ። ጸሐፊው ሁልጊዜ ሐቀኛ ነው፤ አለቆቹ ሁልጊዜ ደንቆሮ ናቸው፤ አገር ቢሰማው ኖሮ የት በደረሰ ነበር። የእኔ አለቆች ደንቆሮ አልነበሩም። እኔም ያን ያህል ሐቀኛ አልነበርኩም። አገርም የሰማኝ ጊዜ ነው የተጎዳው።

ሥራዬ ምን እንደነበር ለጎረቤቶቼ ማስረዳት እንደተሳነኝ ነው የጨረስኩት። የወልድያ ሰው አንድ ሰው ኮምፒውተር ይነካል ከተባለ ስልክም ይጠግናል፣ ቴሌቪዥንም ያስተካክላል ብሎ ያምናል። እኔ የምሠራው ከማሳ የሚመጡ ቁጥሮችን ነበር። መርሳ ውስጥ ሦስት ክፍል ቤት ተከራይቶ የማሽላና የጤፍ ዝርያ የሚያወዳድር አንድ ትንሽ ፕሮጀክት ነበር። ሲሪንቃ ያለውን ትልቁን የምርምር ማእከል ጠዋት ጠዋት በሚኒባስ መስኮት እያየነው እናልፋለን፤ እነሱ አጥርና ዘበኛ አላቸው፣ እኛ በሩ የማይዘጋ መጸዳጃ ቤት ነበረን። ደመወዙን አላነሳም፤ እሱም እኔን አንስቶኝ አያውቅም።

መጀመሪያ የተመደብኩት ወልድያ፣ ቁጥር ጻፊ ሆኜ ነው። በዓመቱ ወደ መርሳ አዛወሩኝና ጋሽ ሐጎስ እጅ ወደቅሁ። ጋሽ ሐጎስ አባታቸው ከትግራይ መጥተው ወልድያ የከተሙ፣ እሳቸው ግን ወልድያን ከወልድያ ሰው በላይ የሚያውቁ ሰው ነበሩ። የመዝገብ ክፍሉ ኃላፊ ናቸው። መዝገብ ክፍሉ ማለት የጀርባው ክፍል ነው፤ ከወለል እስከ ጣሪያ መደርደሪያ፣ መደርደሪያው ላይ ካርቶን፣ ካርቶኑ ውስጥ ክላሰር፣ ክላሰሩ ውስጥ ወረቀት። እርሳስ እንጂ እስክሪብቶ አይነኩም። «እስክሪብቶ የሚጽፍ ሰው ተሳስቼ አላውቅም እያለ ነው» ይላሉ።

በመጀመሪያው ቀን «አንድ ወረቀት አምጣ» አሉኝ።

«የትኛውን፣ ጋሼ?»

«ጎሽ። ገና ሳትገባ ጠየቅህ።» መደርደሪያውን በመዳፋቸው መታ መታ አደረጉት። «እዚህ ቤት ያለው ነገር ሁሉ አራት ፊት አለው። መደርደሪያው ቀበሌ ነው። ካርቶኑ ዝርያ ነው። ክላሰሩ ድግግሞሽ ነው፤ አንዱን ዝርያ ሦስት መደብ ላይ ስለምንዘራው። ወረቀቱ ዓመት ነው። አራቱን ስም ሳትጠራ እጅህን አታስገባ።»

ፕሮግራም የሚጽፉ ሰዎች እንዲህ ያለውን ነገር በእንግሊዝኛ ስሙ ይጠሩታል፤ ወደ አማርኛ የመለሱት ደግሞ «ድርድር» አሉት፣ እኛ ዘንድ ድርድር ሲባል ሰው ስለሚደነግጥ እኔ ሰንጠረዥ እላለሁ። ወረቀት ላይ ያለ ሰንጠረዥ ሁለት ፊት አለው፤ ወደ ታችና ወደ ጎን። ኮምፒውተር ውስጥ ያለው ግን ሦስትም አራትም አሥርም ፊት ሊኖረው ይችላል። ከዚያ ውስጥ የሚፈለገውን ቆርጦ ማውጣት ነው ሥራው። «የዚህን ቀበሌ ሁሉንም ዝርያ፣ ሁሉንም ድግግሞሽ፣ ያለፈውን ዓመት ብቻ» ስትል ቆረጥክ ማለት ነው። ቢላዋው ቀላል ነው። ከባዱ የምትቆርጠው ነገር በየት በኩል እንደዞረ ማወቅ ነው።

ጋሽ ሐጎስ ኮምፒውተር የተማሩት ሃምሳ ካለፉ በኋላ ነው፤ ልማዳቸውን ግን ይዘውት ገቡ። ማንኛውም ሰንጠረዥ ሲመጣ መዳፋቸውን ስክሪኑ ላይ ያሳርፋሉ፣ «ስንት ፊት አለው?» ይላሉ፣ ከዚያ ጣታቸውን እያጠፉ ጮክ ብለው ስም ይጠራሉ። «ቀበሌ። ዝርያ። ድግግሞሽ። ዓመት። አራት።» ቁጥሩ ልክ ካልመጣ ወንበራቸውን ገፍተው ይነሳሉ፤ ያን ቀን ሥራ የለም። ቢሮው ውስጥ መሳቂያ አድርገናቸው ነበር። ምሳ ሰዓት ላይ አንዱ «ጋሽ ሐጎስ፣ ምሳ በሉ?» ይላል፣ ሌላው ቀድሞ «የየትኛው ቀን? የየትኛው ቤት? ስንተኛ ጉርሻ?» ብሎ ይመልስላቸዋል። እሳቸው ሽምብራ ቆሏቸውን እየቆረጠሙ ይስቃሉ። ሳቃቸው ግን ጥያቄያቸውን አላስተዋቸውም።

እኔ ያኔ የማነብ ሰው ነበርኩ፤ ማለትም ትዕቢተኛ። ስለ ሒሳብ፣ ስለ ፍልስፍና፣ ስለ ሁሉም ነገር ያገኘሁትን አነባለሁ፤ ካነበብኩት ሁሉ ደግሞ ልቤን የሰረቀው አንድ ሐሳብ ነው፦ አንድን ነገር ለአንድ ጉዳይ ብቻ አትሥራ፣ ለሁሉም የሚሆን አድርገህ ሥራ። ዛሬ ይህን ሐሳብ የሚሰብክ ሰው ሳይ ቦርሳዬን ጠበቅ አደርጋለሁ። «ለሁሉም የሚሆን» የሚባል ጫማ አይቼ አላውቅም።

የሚመጡልን ሰንጠረዦች አንድ ዓይነት አልነበሩም። አንዳንዱ ሙከራ አንድ ቀበሌ ላይ ብቻ ስለሆነ ሦስት ፊት አለው፣ ሌላው አራት፣ ሌላው ሁለት። አስተባባሪያችን ደግሞ ሁልጊዜ የሚፈልገው አንድ ነገር ነው፤ የቅርቡን ዓመት። ስለዚህ ለባለ ሁለት ፊቱ አንድ፣ ለባለ ሦስቱ ሌላ፣ ለባለ አራቱ ሌላ ፕሮግራም ጽፌ ነበር። አስቀያሚ ነበር፤ ግን እያንዳንዱ ከመቁረጡ በፊት የሰንጠረዡን ፊቶች ይቆጥራል፣ ካልገጠመው ይቆማል።

አንድ ቀን ፓይተን በሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ ውስጥ ሦስት ነጥብ የሚባል ነገር እንዳለ አነበብኩ። ቅንፉ ውስጥ ሦስት ነጥብ ካስቀመጥክ «ከዚህ በፊት ያሉት ፊቶች ስንትም ይሁኑ፣ ሁሉንም እንዳሉ ተዋቸው» ማለት ነው። ከነጥቦቹ ቀጥሎ የምትጽፈው ቁጥር የመጨረሻውን ፊት ይመለከታል። እኔ ደግሞ ዓመትን ሁልጊዜ መጨረሻ ላይ ነበር የማስቀምጠው። ስለዚህ ሦስት ነጥብ፣ ቀጥሎ «የመጨረሻው» ብዬ ጻፍኩ። አለቀ። ያ ሁሉ ፕሮግራም ተሰርዞ አንድ መስመር ቀረ። ባለ ሁለትም ፊት ይምጣ፣ ባለ ሰባት፣ የቅርቡን ዓመት ቆርጦ ያወጣል። የዚያን ዕለት የተሰማኝ ኩራት ልጄ ስትወለድ እንኳ አልተሰማኝም፤ ይህን ሚስቴ እንዳታነብ።

አስተባባሪው ወጣት፣ ፈጣን፣ ጨዋ ሰው ነበር። «ደምሴ፣ ይሄ ነው ዘመናዊነት» አለኝ።

ጋሽ ሐጎስ ጡረታ ሊወጡ ወር ቀርቷቸው ነበር። መጥተው ከጀርባዬ ቆሙ። መስመሩን ረጅም ጊዜ አዩት።

«ስንት ፊት አለው?»

«አያስፈልግም፣ ጋሼ። ስንትም ይሁን ይቆርጣል።»

«ስንት መሆኑን ሳያውቅ?»

«ውበቱ እሱ ነው።»

«ቢላዋ ስጋውን ካላወቀ ጣትም ስጋ ነው፣ ደምሴ» አሉና ሄዱ። እኔ የሽማግሌ ቅናት መሰለኝ። በሚቀጥለው ወር ሸኘናቸው፤ ለሳቸውም ሰዓት ሰጠናቸው።

ከሁለት ዓመት በኋላ አዲስ የማሽላ ሙከራ መጣ። አራት ቀበሌ፣ ዘጠኝ ዝርያ፣ ሦስት ድግግሞሽ፣ ሁለት ዓመት። ስምንቱ ዝርያዎች ከሌላ ቦታ የመጡ ናቸው። ዘጠነኛው የአገሬው ነው፤ በማንኛውም ሙከራ ውስጥ ገበሬው ራሱ የሚዘራው ዘር ለማነጻጸሪያ ይገባል። ጋሽ ሐጎስ ሊወጡ ሲሉ ከእቴ ዘሀራ ቤት ለምነው ያመጡትና ለሚመጣው ሙከራ መዝገብ ክፍሉ ያኖሩት፣ «ቀዮ» የሚባል ማሽላ ነበር። እቴ ዘሀራና ባላቸው አያ ይመር ከመርሳ ወደ ውርጌሳ ሲወረድ፣ ከአስፋልቱ ግራ ገባ ብሎ ነው ቤታቸው። ቀዮን እቴ ዘሀራ ከእናታቸው ነው የተረከቡት። ከምድጃው በላይ ጭስ እየጠገበ ይሰቀላል። ጎረቤት ዘር ከጠየቀ ደግሞ አይከለከልም፤ ሲያመርት በራሱ ማሳ የበቀለውን ይመልሳል። እንዲህ እየተዋሰ ቀዮ በሠፈሩ ሁሉ ቤት ይኖር ነበር። ዝናብ ሲጠፋ ቅጠሉን ጠቅልሎ ይተኛል፣ ሲዘንብ ይነሳል። ይህን ያሉኝ እሳቸው ናቸው፤ እኔ ጽሑፍ ላይ ስላላገኘሁት አላመንኩም ነበር።

ሙከራው አንድ አዲስ ነገር ነበረው። ግማሹ መደብ በዝናብ ብቻ፣ ግማሹ ማሽላው ሊያዘረዝር ሲል ከወንዙ ውሃ እየተለቀቀለት እንዲበቅል ተደረገ። ስለዚህ ሰንጠረዡ አምስተኛ ፊት አበቀለ፤ ዝናብና መስኖ። አዲሱን ፊት መጨረሻ ላይ የለጠፍኩት እኔ ነኝ። መሃል ላይ ማስገባት የሌላውን ሁሉ ተራ ያዛባል፤ መጨረሻ ላይ መለጠፍ ይቀላል። ሰው ሁሉ እንዲህ ያደርጋል። ከዓመቱ ፊት ቀጥሎ አዲስ ፊት መጣ ማለት ግን የመጨረሻው ፊት ዓመት መሆኑ ቀረ ማለት ነው።

የመጀመሪያው ዓመት ዝናቡ ጥሩ ነበር፣ ሁለተኛው ደረቅ። አስተባባሪው «በደረቁ ዓመት ማን ቆመ?» ብሎ ጠየቀኝ። ትክክለኛ ጥያቄ ነው፤ የሀብሩ ቆላ ገበሬ የሚያስጨንቀው እሱ ነው። የኔን መስመር አስኬድኩ። ሦስት ነጥብ፣ የመጨረሻው። ኮምፒውተሩ አልጮኸም፣ አልቆመም፣ ቀይ ነገር አላሳየም። ስክሪኑ ላይ የሰንጠረዡ መጠን ተጽፎ ነበር፤ አራት፣ ዘጠኝ፣ ሦስት፣ ሁለት፣ ሁለት። የመጨረሻውን ሁለት አይቼ «ሁለት ዓመት፣ ልክ ነው» አልኩ። ቁጥሮቹን አየሁ እንጂ ስንት ቁጥር እንደሆኑ አልቆጠርኩም። ጣቴን አጥፌ አንድ ጊዜ «ቀበሌ፣ ዝርያ፣ ድግግሞሽ፣ ዓመት» ብል ኖሮ አንድ ቁጥር ስም አጥቶ ይተርፈኝ ነበር።

የተቆረጠው የደረቁ ዓመት ውጤት አልነበረም። የመስኖው መደብ ውጤት ነበር፣ የሁለቱም ዓመት። ውሃ የሚወደው ሰባት ቁጥር የሚባለው ዝርያ አንደኛ ወጣ። ቀዮ ስድስተኛ።

የመስክ ቀን ተጠራ። ገበሬው ማሳው ዳር ተሰበሰበ፣ አስተባባሪው ተናገረ፣ ከዚያ «ቁጥሩን ባለሙያው ያስረዳችኋል» ብሎ እኔን አቆመኝ። እቴ ዘሀራ ከሴቶቹ መሃል ተነሱ።

«አንተ የኮምፒውተሩ ሰውዬ፣ ይኼ ሰባት ቁጥር ያላችሁት ውሃ ሳይጠጣ ነው እንዲህ ያማረበት? እኔ በዚህ ስመጣ ውሃ ሲሄድ አይቻለሁ።»

ሰው ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። «የለም፣ እቴ ዘሀራ፣ የተመዘነው በደረቁ ዓመት፣ በዝናብ ብቻ ነው። ቁጥሩ አይዋሽም።»

«እንግዲህ ቁጥሩን አንተ ታውቃለህ» ብለው ተቀመጡ። አያ ይመር ትከሻዬን መታ አድርገው «አብሽር፣ እሷ እንዲህ ናት፤ ከእንጀራ ጋርም ትከራከራለች» አሉኝ።

በዚያ ዓመት ሠፈሩ ሁሉ ሰባት ቁጥር ዘራ። እቴ ዘሀራም ዘሩ። ዝናቡ እንደ ልማዱ ቀድሞ ወጣ። ሰባት ቁጥር ሊያዘረዝር ሲል አገዳው ላይ ደረቀ፤ አልተኛም፣ አልተነሳም። ከምድጃው በላይ የነበረችው ቀዮ በክፉዎቹ ወራት ተፈጨች። ከጎረቤት ተዋሰው እንዳይመልሷት፣ ጎረቤትም የለውም፤ ሁሉም እኔን ሰምቶ ነበር።

ማሳውን አይቼ በተመለስኩ ማግሥት ሰንጠረዡን ከፍቼ ቆጠርኩ። አምስት። መዳፌን ስክሪኑ ላይ አሳርፌ ስማቸውን እየጠራሁ እንደገና ቆረጥኩት፤ ዓመት፣ ሁለተኛው፤ ውሃ፣ ዝናብ ብቻ። አንደኛ የወጣው ዘጠኝ ቁጥር ነበር። ቀዮ። የራሳቸውን ዘር ነው ያስጣልኳቸው።

ወደ አስተባባሪው ገባሁ። እስክጨርስ ሰማኝ። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ክፉ ቢሆን ኖሮ ይቀለኝ ነበር።

«ሪፖርቱ ሄዷል፣ ደምሴ። ዘሩም ደርቋል። አሁን ይህን ብናነሳ ማን ይጠቀማል?»

«ገበሬው ይወቀው እንጂ።»

«ገበሬው ራሱ ዘግይቶ የዘራ አለ። ጠይቃቸው። አያ ይመር ለልጁ ሰርግ ብሎ ስድስት ቀን አልዘገየም?»

ዘግይተው ነበር። በማግሥቱ አንድ ዓረፍተ ነገር ረቂቅ አድርጎ ሰጠኝ፤ «የምርት መቀነሱ የተከሰተው በዝናብ እጥረትና አርሶ አደሮች ዘግይተው በመዝራታቸው ነው።» የተየብኩት እኔ ነኝ። አንድ የፊደል ስህተት ነበረው፣ አስተካከልኩለት። ሙያተኛ ነኛ።

የገዛ መስመሬን ጠግኜ ከጎኑ «ፊቶቹን ሳትቆጥር አትቁረጥ» ብዬ ማስታወሻ ጻፍኩ። ማስታወሻውን ያነበበ የለም። ዓረፍተ ነገሩን ግን ቀበሌው በስብሰባ አነበበው። አያ ይመር አመኑት። ከዚያ ወዲያ መርሳ ገበያ ባገኘኋቸው ቁጥር «ሰርጉ ነው ያጠፋን፣ ወንድሜ፤ ስድስት ቀን!» ይሉኝ ነበር። እቤታቸውም ይሉት ነበር፤ ልጃቸው ጦይባ እየሰማች። ጦይባ ወልድያ ነው የተዳረችው፤ አባቷ ቤት ስትመጣ ሰርግ የሚባል ነገር ሲነሳ ወደ ጓዳ ትገባ ነበር አሉ።

አንድ ጊዜ ድፍረት መጣልኝና ወልድያ ጋሽ ሐጎስ ቤት ሄጄ ሁሉንም ነገርኳቸው። የዚያን ቢላዋና ጣት ነገር ያነሱብኛል ብዬ ነበር። አላነሱም። አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቁኝ።

«ለሰውዬው ነገርከው?»

«አልነገርኩም፣ ጋሼ።»

«እንግዲያ ለኔ ምን ያደርግልኛል? እኔ አልዘራሁ።»

ጋሽ ሐጎስን በዓመቱ ቀበርናቸው። አያ ይመርንም ከጥቂት ዓመት በኋላ። ለቅሷቸው ላይ ደርሻለሁ፤ ድንኳኑ ውስጥ ተቀምጬ ሽማግሌዎቹ «ደግ ሰው ነበር፤ ያች ሰርግ ቆጭታው ሄደ» ሲሉ ሰምቻለሁ። የቀረበልኝን በልቼ፣ ዱዓው ሲደረግ እጄን ዘርግቼ ሄድኩ።

ከዚያ ጦርነቱ መጣ። ቢሮው ሲዘረፍ ኮምፒውተሮቹ ሄዱ፤ ያ መስመሬም፣ ማስታወሻዬም፣ ሰባት ቁጥርም አብረው ሄዱ። የጋሽ ሐጎስ ክፍል ግን እንዳለ ነበር። ወረቀት የሚዘርፍ የለም። ፕሮጀክቱ ለጥቂት ጊዜ ተንፈራገጠና ዘንድሮ ተዘጋ፤ እኔም በሃምሳ አምስት ዓመቴ ጋቢዬን ለበስኩ። የመጨረሻ ሥራዬ ያንን ክፍል ማስረከብ ነበር። ያው በተማርኩት መንገድ፣ መደርደሪያውን በመዳፌ መታ መታ አድርጌ ቀበሌውን፣ ዝርያውን፣ ድግግሞሹን፣ ዓመቱን እየጠራሁ ካርቶኖቹን አወረድኩ። ዘጠነኛው ካርቶን ውስጥ፣ ከክላሰሮቹ ሥር፣ በሰም የታሸገች ትንሽ ፖስታ አገኘሁ። በእርሳስ «ቀዮ፣ ከወ/ሮ ዘሀራ ቤት፣ የተረፈ። ባለቤቷ ከጠየቀች ይመለስላት» ይላል።

በማግሥቱ መርሳ ድረስ በሚኒባስ፣ ከዚያ በባጃጅ ሄድኩ። እቴ ዘሀራ በራፋቸው ላይ ምስር ይለቅማሉ።

«አሰላሙ ዓለይኩም፣ እቴ ዘሀራ።»

«ወዓለይኩም ሰላም። ማነው?» ዓይናቸውን በእጃቸው ከለሉ። «ኧረ የኮምፒውተሩ ሰውዬ! ደግሞ ምን ልታስጥለን መጣህ?»

ፖስታዋን ቀድሜ ባወጣት ይቀለኝ ነበር። ስጦታ ይዞ የሚናዘዝ ሰው ግን ዋጋ እየተደራደረ ነው። ስለዚህ ፖስታዋን ኪሴ ውስጥ ትቼ መሬት ላይ ተቀመጥኩና ነገርኳቸው። ስለ ሦስት ነጥብ አላወራሁም። «ያን ቀን የጠየቁኝ ልክ ነበር። ውሃ የጠጣውን ነው የመዘንኩት። ሳልቆጥር ነው የተናገርኩት። ቁጥሩን መልሼ ሳየው አንደኛ የወጣው ቀዮ ነበር። የስድስት ቀኑ ነገር ውሸት ነው፤ ቀድመው ቢዘሩም ይደርቅ ነበር። የጻፍኩት እኔ ነኝ።»

ምስሩን መልቀም አላቆሙም። አንድ ጠጠር አውጥተው ጣሉ።

«ይመር ሲሞት ታውቅ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

«ለቅሶው ላይ መጥተሃል።»

«አዎ።»

«በልተህ ሄደሃል።»

«አዎ፣ እቴ።»

«እኛ አሏህን ስንጠይቅ፣ ምን በደልንህ እያልን ስንጠይቅ፣ መልሱ አንተ ኪስ ነበር።» ድምፃቸው አልጨመረም። ከቀሚሳቸው ስልክ አወጡ፣ ቁጥር ነኩ፣ ሰጡኝ። «ለኔ የነገርከውን ለሷ ንገራት። አባቷ አፍ ላይ የነበረውን ከሷ ላይ አንሳ።»

ጦይባ አነሳች። ነገርኳት። ሁለተኛ ጊዜ መናገር ከመጀመሪያው ይከብዳል፤ ይቀላል የሚሉት ሰዎች አንድ ጊዜ ብቻ የተናገሩ ናቸው። ጀርባው ላይ የልጆች ጫጫታ ይሰማ ነበር፣ ከዚያ በር ተዘጋና ጫጫታው ጠፋ።

«አባባ አውቆት ነበር?» አለችኝ።

«አላወቁም።»

«ከሰርጌ ፎቶ አንድም አላስቀረሁም፣ ታውቃለህ?» አለች። ስልኩ ተዘጋ።

ፖስታዋን ያወጣኋት ከዚያ በኋላ ነው። እቴ ዘሀራ እርሳሱን አላነበቡትም። አንዷን ፍሬ በጥርሳቸው ሰበሩ፣ ቀመሱ፣ መዳፋቸውን ጨበጡ። ለብዙ ጊዜ አልዘረጉትም። ከዚያ «ያረጀ ነው» አሉ። «ሐጎስ በሰም ባያሽገው ነቀዝ በበላው። በሳምንት ና።»

በሳምንቱ ሄድኩ። እርጥብ ጨርቅ ላይ ፍሬዎቹን በትነው፣ በሳህን ከድነው ነበር። ክዳኑን አነሱት። አብዛኛው አብጦ ሻግቷል። እዚህና እዚያ ነጭ ነገር ብቅ ብሏል።

«ቁጠር» አሉኝ።

«አልቆጠሩትም?»

«እኔማ ቆጥሬያለሁ። አንተ ቁጠር።»

ጎንበስ አልኩ። «አራት።»

«ደህና አድርገህ እይ።»

አንደኛው ጫፉ ጠቁሯል። «ሦስት።»

«ሦስት» አሉ። «ዘር አንድ ቤት ውስጥ ብቻ አይቀመጥም። ለጦይባ አንድ ልኬያለሁ በላት፤ ቆርቆሮ አዘጋጅታ ትጠብቅህ። አንዱ ለጎረቤቴ ነው፤ እሷም አንተን ሰምታ ነው የጣለችው። አንዱ እዚህ ይቀራል።» ሳህኑን ወደኔ ገፋ አደረጉት። «በል እንደገና ቁጠር። የማን የማን እንደሆነ እየጠራህ፣ ጮክ ብለህ።»

ጣቴን የመጀመሪያዋ ላይ አሳረፍኩ።

«የጦይባ» አልኩ።